ቢትወደድ ምንድን ነው? ዘርዐ ያዕቆብስ ለምን ፈራው?

ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውን ወይም ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸውን የሚያስታውስ ሰው ማዕረጉን የክብር ስም ብቻ አድርጎ ሊያየው ይችላል። በመካከለኛው ዘመን ግን ቢትወደድ ከንጉሡ ቀጥሎ የሚቆም ባለሥልጣን ነበር። የቀኝና የግራ ተብለው ሁለት ይሾማሉ። ንጉሡ ከሕዝብ ዓይን ተሰውሮ ስለሚኖር ቃሉን የሚያስፈጽሙትም ጦሩን የሚመሩትም እነርሱ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው የሸፈተ እንደሆነ ንጉሡ ማን ይቀርለታል?

አፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ስጋቱ ከሜዳ አልመጣም። እርሱ ግሸን አምባ ላይ ተግዞ ሳለ፣ ከአፄ ይስሐቅ ሞት በኋላ በአራት ዓመት ያህል ውስጥ አራት ነገሥታት ተፈራርቀዋል። ስለዚህ ነግሦ ሲደላደል የማይታሰብ ነገር አደረገ፤ የግራውን ቢትወደድነት ለሴት ልጁ ለመድኅን ዘመዳ፣ የቀኙን ለሌላዋ ሴት ልጁ ለብርሃን ዘመዳ ሰጠ። ትግራይን፣ አንጎትን፣ ኢፋትንና ግድምን የመሳሰሉ ግዛቶችም ለሴት ልጆቹና ለዘመዶቹ ተሰጡ። ሴት ልጅ ዙፋን አትቀማም ብሎ ይሆናል፤ ለዘመኑ ብልህ ስሌት ነው።

ስሌቱ አልሰመረም። ወንዶችም ሴቶችም ልጆቹ «ደስክ» እና «ዲኖ» የተባሉ ጣዖታትን አምልከዋል ተብለው ተከሰሱ፤ በግርፋቱ የሞቱም አሉ። እኔ ክሱን ከእምነት ይልቅ ከሥልጣን ሽኩቻ ጋር አያይዘዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ንጉሡ ግዛቱን በገዛ እጁ ጠቀለለ።

ዛሬ በብርዷና በብርድ ልብሷ የምትታወቀው ደብረ ብርሃን የዚህ ጥርጣሬ ምሽግ ነበረች። ንጉሡ እንደ ቀደሙት ነገሥታት ከሰፈር ሰፈር መዞሩን ትቶ የመጨረሻ ዓመታቱን እዚያው አሳለፈ። መተተኞች እንዳይደርሱበት ካህናት ሌሊቱን ሙሉ ዳዊት እየደገሙ ቤተ መንግሥቱን ጠበል ይረጩ ነበር። ወደ እልፍኙ የሚዘልቁት ዐቃቤ ሰዓቱ (የቤተ መንግሥቱ ታላቅ ካህን) አምኃ ጽዮንና ጥቂት ብላቴኖች ብቻ ሲሆኑ፣ ብላቴኖቹም ከውጭ ሰው ጋር እንዳይገናኙ ተከልክለዋል።

ልጁ በእደ ማርያም (1468–1478) የአባቱን ሥርዓት አፍርሶ ቢትወደዶቹን መለሳቸው። እርሱ ሞቶ ሕፃኑ እስክንድር ሲነግሥ፣ ከሞግዚቶቹ አንዱ የሆነው ቢትወደድ ዐምደ ሚካኤል አገሪቱን ለዓመታት በእጁ አደረገ። ሊወርድ የቻለው እስክንድር ካደገ በኋላ ነው።