ፈቃድ ስንወስድ ለምን እንሸማቀቃለን? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ዓመት የ4 ቀን ፈቃድ ለመጠየቅ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ማመልከቻውን ሦስት ጊዜ ቀደድሁት። በመጨረሻ ያስገባሁት ላይ "ካላስቸገርሁ" የሚል ቃል ሁለት ቦታ ነበረ። የጎረቤት ለቅሶ ቢሆን ኖሮ እኮ በር ላይ ቆሜ "ቀብር አለብኝ" ብዬ እወጣ ነበር፤ ማንም ምንም አይለኝም፣ እኔም አልሸማቀቅም። እኛ ጎጃሞች ለሞተ ሰው ቀን አናጣም። ለራሳችን ሲሆን ነው አንገታችንን የምንደፋው። ባሕር ዳር ተቀጥረው ከሚሠሩ ጓደኞቼ ጋር ይህን ሳወራ ደግሞ ሁሌ የምሰማው ሰበብ ያው ነው።

"ፈቃድ የአለቃ ውለታ ነው"

አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ደመወዙ ሳይነካ 16 የሥራ ቀን ያርፋል። ከዚያ በኋላ በየ2 ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል፤ 5 ዓመት የሠራ ሰው 18 ቀን አለው ማለት ነው። አሠሪው ሥራ ሲበዛበት ሊያስተላልፈው ይችላል፣ ግን ከ2 ዓመት በላይ አይገፋም። (የመንግሥት ሠራተኞች የራሳችሁ ሕግ አላችሁ፣ እሱን እዩ።)

"ካልወሰድሁት በብር ይቀየርልኛል"

ሥራ ላይ እያለህ አይቀየርም። ሕጉ ይከለክላል። በገንዘብ የሚታሰበው የሥራ ውልህ ሲቋረጥ ነው። ፈቃዴን ትቻለሁ ብለህ ብትፈርም እንኳ ፊርማህ ዋጋ የለውም።

"የገበሬ ልጅ እረፍት አያውቅም"

ይቺን የሚል ሰው እርሻ ውሎ የሚያውቅ አይመስለኝም። አባቴ ደምበጫ አካባቢ ያርሳል። በማለዳ ይጠምዳል፣ ፀሐይ ስትከር ይፈታል። በሬዎቹ ሣር ላይ ይለቀቃሉ፣ እሱ ጥላ ሥር ጋደም ይላል። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ ሞፈር አይነካም፣ የዘር ወቅት ሆኖ ዝናቡ ቢያጓጓው እንኳ። ሰንበትማ አይወራም። በወር ስንት ቀን እንደሚያርፍ ብንቆጥር ከእኔ ሳይበልጥ አይቀርም። ሰነፍ ያለው ሰው ግን የለም፣ ጎተራውም ጎድሎ አያውቅም። እረፍትን እንደ ስንፍና ማየት ከእነሱ የወረስነው አይደለም፤ ቢሮ ገብተን የተማርነው ነው።

"እኔ ከሌለሁ ሥራው ይቆማል"

እኔም እንዲህ ነበርሁ። ደምበጫ በደረስሁ በማግሥቱ ስልኬ ጮኸ። ቆመ ማለት ነው ብዬ ልቤ ዘለለ፣ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስም አለኝ። የቆመው ግን ሥራው ሳይሆን አንድ ቁም ሣጥን ነው፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር! ከቤት ቁልፌ ጋር አንድ ቀለበት ላይ አንጠልጥዬው ሄጃለሁ። በወረቀት ጠቅልዬ፣ ላዩ ላይ ስልክ ቁጥር ጽፌ፣ ወደ ባሕር ዳር በሚሄድ ሚኒባስ ሹፌር እጅ ላክሁት። ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልደወለም። ጥፋቱ ማረፌ አልነበረም፣ ሳላስረክብ መሄዴ ነው።

"ለባልደረቦቼ ሸክም እሆናለሁ"

ወንፈል የምናውቅ ሰዎች ይህን ማለት አልነበረብንም። ዛሬ የእኔን አጨዳ ትውልልኛለህ፣ ነገ የአንተን እውልልሃለሁ። ባልደረባህ ፈቃድ ሲወጣ ሥራውን ሸፍነህለት ታውቅ የለ? አንተ ስትወጣ እሱ ብድሩን ይመልሳል። ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ ለአንድ ሰው ተሰጥቶ ከሆነ ደግሞ ያ የአሠሪው ጉዳይ ነው፣ አንተ እረፍትህን ሠውተህ የምትሞላው ጉድጓድ አይደለም።

"ካልታመምሁ ለምን አርፋለሁ?"

የሕመም ፈቃድና የዓመት ፈቃድ ለየቅል ናቸው። በሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ ነው፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ፣ ከዚያ ያሉት 3 ወራት ያለ ክፍያ። እስክትወድቅ ጠብቀህ ማረፍ ኪስህንም ይጎዳል።

"ፈቃድ ላይ ብሆንም ስልክ ማንሳት አለብኝ"

አንድ ሠራተኛ ከፈቃዱ ሊጠራ የሚችለው ያልታሰበ ነገር ገጥሞ የእሱ መኖር ግድ ሲሆን ብቻ ነው። ያኔም ለቀረበት ቀን ይከፈለዋል፣ መጓጓዣውንና አበሉን አሠሪው ይችላል። "ፋይሏ የት ናት?" ለማለት የሚደወለው እዚህ ውስጥ አይገባም። ቁልፉን ከላክሁ በኋላ እንኳ ስልኬን በየደቂቃው ስነካካ አባቴ ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆየና፣ "ምነው ልጄ፣ ሳይፈቱህ ነው እንዴ የለቀቁህ?" አለኝ።

የዘንድሮውን ማመልከቻ ትናንት አስገባሁ። 8 ቀን። "ካላስቸገርሁ" የምትለዋን አልጻፍኋትም፣ ቁልፉን ግን ከአሁኑ አስረክቤያለሁ።