የቬትናም ዘማቾችን ትዝታ መቅረጽ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከ1964 እስከ 1975 (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ወደ 9 ሚሊዮን የሚጠጉ አሜሪካውያን የወታደር ልብስ ለብሰዋል። ከእነዚህ ወደ 2.7 ሚሊዮን የሚሆኑት ቬትናም ምድር ረግጠዋል። ዛሬ ብዙዎቹ ሰባ አምስትን ዘለዋል። ትዝታቸውን ለመቅረጽ ጋዜጠኛ ወይም የታሪክ ምሁር መሆን አያስፈልግም። በ2000 በሕግ የተቋቋመው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የዘማቾች ታሪክ ፕሮጀክት ተራ ሰው የቀረጸውን ይቀበላል፤ ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ ያለ ተማሪም ጠያቂ መሆን ይችላል። ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ የሚማር የሀበሻ ልጅ ጎረቤቱ ያሉትን አዛውንት ጠይቆ የሚቀዳው ቃል እዚያው መዝገብ ይገባል ማለት ነው። ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ጠያቂው ከቤቱ ይዞት በሚመጣው ግምት ነው። በብዛት የሚያጋጥሙት እነሆ።

«ስለ ጦርነቱ ማውራት አይፈልጉም፤ መጠየቅ ቁስል መነካካት ነው»

የማይፈልጉ አሉ፤ መብታቸው ነው። ብዙዎቹ ዝም ያሉት ግን የሚጠይቃቸው ሰው ስላላገኙ፣ ወይም የጠየቃቸው ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ሰው ገድለሃል?» ስለነበረ ነው። ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል። ሌላም ምክንያት አለ፦ ዛሬ ፒቲኤስዲ የምንለው የአእምሮ ቁስል በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ የገባው በ1980 ነው፤ ጦርነቱ ካበቃ ከአምስት ዓመት በኋላ። እስከዚያ ድረስ ብዙው ዘማች ሌሊት የሚያባንነውን ነገር ስም ሰጥቶ ለመናገር እንኳ ቃል አልነበረውም።

ከቀረጻው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ለ15 ደቂቃ ያህል በስልክ ማውራት ግማሹን ሥራ ይጨርሳል። የማይነካውን ርዕስ ጠይቁ፣ ጻፉት፣ አክብሩት። በፈለጉ ሰዓት ማቆም እንደሚችሉም ያኔውኑ ይወቁ። ባለቤታቸው ወይም ልጃቸው አጠገባቸው ይቀመጡ እንደሆነም እሳቸው ይወስኑ፤ ለሚስት ያልተነገረ ነገር ሚስት ፊት አይወጣም።

በዕለቱ ከልጅነት ጀምሩ፦ የት ተወለዱ፣ አባት ምን ይሠሩ ነበር፣ ከቤት የወጡ ቀን ማን ሸኛቸው። ከዚያ አውሮፕላኑ አርፎ በሩ ሲከፈት ያለው ደቂቃ ይምጣ። ሙቀቱና ሽታው ስንት ዓመት ቢያልፍ አይረሳም። ቀጥሎ ተራውን ቀን ጠይቁ፦ የት ይተኙ ነበር፣ ምን ተሸክመው ይሄዱ ነበር፣ ማታ ምን ይሰማ ነበር፣ ምን ይበሉ ነበር። ምግብ ምላስ ይፈታል። የቆርቆሮ ስንቃቸው ውስጥ ኮክ ከኬክ ጋር የደረሰው ዕድለኛ ነበር፤ የአሳማ ሥጋና ሊማ ባቄላ የደረሰው ደግሞ ሲራገም ይውል ነበር፤ ይህን ስታነሱ የማይስቅ ዘማች እምብዛም አይገኝም። ፒ-38 የተባለችውን አራት ሴንቲ ሜትር የማትሞላ የቆርቆሮ መክፈቻ እስከ ዛሬ ከቁልፋቸው ጋር ያንጠለጠሉ አሉ። ካለች እንዲያሳዩ ጠይቁና ካሜራውን ወደ እጃቸው አዙሩ። ጣቶቹ እንቅስቃሴውን አልረሱትም፤ አፍ ያላነሳውን ቦታ እጅ ያስታውሰዋል።

ዝምታ ሲመጣ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። አብዛኛው ጠያቂ በሦስተኛው ሰከንድ አዲስ ጥያቄ ይወረውርና ሊወጣ የነበረውን ቃል ይመልሰዋል። እንባ ከመጣ መቅረጫውን በራሳችሁ ፈቃድ አታጥፉ፤ «ላቁም ወይስ ይቀጥሉ?» በሉ። «ይገባኛል» የሚለው ቃል ግን ይቅር፤ አይገባንምና። አንድ ቀረጻ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይበቃዋል፤ የመጨረሻውን ሩብ ሰዓት ወደ ቤት ለመመለሻ አውሉት፦ ሥራው፣ ትዳሩ፣ ልጆቹ። ሰውየውን 1968 ላይ ትታችሁት ዕቃ ሰብስባችሁ አትውጡ። ቡና ጠጡ፣ በማግስቱም ደውሉ። ነገሩ ከበድ ካለ በአሜሪካ 988 ደውሎ 1 ቁጥርን መጫን ለዘማቾች ከተመደበ አማካሪ ጋር ያገናኛል፤ ቁጥሩን ቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ።

«ጠመንጃ ያልተኮሰ ምን ታሪክ አለው?»

ጫካ ውስጥ ከሚዋጋው አንድ ወታደር ጀርባ መካኒክ፣ ወጥ ሠሪ፣ ሾፌር፣ ጸሐፊ፣ አስከሬን ተቀባይ ሳይቀር ብዙ ሰው ነበረ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶችም ዘምተዋል፤ አብዛኞቹ ነርሶች ነበሩ። ዋሽንግተን ባለው የቬትናም ዘማቾች መታሰቢያ ግንብ ላይ የስምንት ሴቶች ስም ተቀርጿል። «እኔ እኮ ምንም አላደረግኩም» የሚሉ ዘማቾች ብዙ ጊዜ ከሌላ ሰው የማይገኝ ነገር የያዙት ናቸው፦ ነዳጅ እንዴት እንደሚደርስ፣ የቆሰለ በስንት ደቂቃ በሄሊኮፕተር እንደሚመጣ።

ፕሮጀክቱም ቬትናም ያልረገጡትን ይቀበላል። በጦርነቱ ዘመን አስመራ በነበረው የአሜሪካ ጦር የቃኘው ጣቢያ ያገለገሉ አሜሪካውያን ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ጣቢያው ስሙን ያገኘው ኮሪያ ከዘመተው ከቃኘው ሻለቃ ነው። በዚያ የነበረ አዛውንት ካጋጠማችሁ ከእናንተ የተሻለ ጠያቂ አያገኝም፤ የሚጠራቸውን ሰፈሮች ስም በትክክል የሚጽፍለት ማን አለ?

«ሁሉም ተገደው የዘመቱ የ19 ዓመት ልጆች ነበሩ»

ቬትናም ከሄዱት በውትድርና ጥሪ የተወሰዱት ከሲሶ አይበልጡም፤ የሞቱት አማካይ ዕድሜም ወደ 23 ይጠጋል። ነገር ግን «በፈቃደኝነት» የሚለውን ቃል አጥብቃችሁ አትያዙት። ጥሪው እንደማይቀርለት አይቶ ክፍሉንና ሙያውን ለመምረጥ ቀድሞ የተመዘገበ ብዙ ነው። ስለዚህ «ተገደው ነው ወይስ ወደው?» ከማለት «እንዴት ገቡ?» ማለት ይሻላል። ከ1944 እስከ 1950 የተወለዱትን የታኅሣሥ 1 ቀን 1969ኙን ዕጣ ጠይቋቸው። በልደት ቀን የወጣ ዕጣ ነበር፤ መጀመሪያ የተነሣው ሴፕቴምበር 14 ነው። ዕጣ ቁጥሩን የረሳ ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ ማን ቤት ተቀምጦ እንደሰማውም ያስታውሳል።

«ቀን ከተሳሳተ ዋሽቷል ማለት ነው»

ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ወር ቢያዛንፍ፣ ሁለት ውጊያ አንድ ቢያደርግ አይደንቅም። አቋርጣችሁ አታርሙ፤ የታረመ ሰው ከዚያ በኋላ የሚናገረው መጽሐፍ ላይ ያነበበውን ነው። የተጠራጠራችሁትን ደቂቃ በማስታወሻ ያዙና በኋላ ከሰነድ ጋር አስተያዩ። የስም ጉዳይ ደግሞ የተለየ ነው። የምድር ጦሩ ወታደር 12 ወር፣ የማሪን ወታደር 13 ወር ቆይቶ በየግሉ ስለሚመለስ ጓዶች የሚተዋወቁት በቅጽል ስም ነበር። ቁስል የሚያክመው ወታደር ሁሉ «ዶክ» ነው። «ዶክ ከየት አገር ነበር? ቀይ ነው ጥቁር? ማን ይተካው ነበር?» እያሉ መጠየቅ አንዳንዴ እውነተኛ ስሙን ያመጣል።

መጀመሪያ የሚፈለገው ወረቀት ዲዲ 214 የሚባለው የስንብት ሰነድ ነው። የአገልግሎት ቀን፣ ሙያና ሜዳሊያ ይገኝበታል፤ የተሳተፈባቸውን ውጊያዎች ግን አይዘረዝርም። በብዙዎቹ ላይ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ስላለ ኮፒ ከማድረጋችሁ በፊት ሸፍኑት። ከጠፋ በቅጽ ቁጥር 180 ሴንት ሉዊስ ካለው የወታደሮች መዛግብት ማዕከል ይጠየቃል። «እሱማ ተቃጥሏል» የሚላችሁ አይጠፋም። ሐምሌ 12 ቀን 1973 የተነሣው እሳት ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ፋይል መብላቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በዋናነት ያጠፋው ከ1960 በፊት የተሰናበቱ የምድር ጦር አባላትን እና ከ1964 በፊት የተሰናበቱ የአየር ኃይል አባላትን ፋይል ነው። የቬትናም ዘማቾች አብዛኞቹ ከዚያ በኋላ የተሰናበቱ ናቸው። ዘማቹ ካረፈ ለቅርብ ቤተሰብነት የሚታወቁት ዳግም ያላገባች ባለቤት፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድምና እህት ናቸው፤ የልጅ ልጅ አይቆጠርም፤ ስለዚህ እናት ወይም አባት ይፈርሙ። የየሻለቃው የዕለት መዝገብ የሚገኘው ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው።

«ስልክ ካለ ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

ለምስሉ ስልክ ይበቃል። የሚያሳፍረው ድምፁ ነው። ኮሌታ ላይ የሚሰካ ማይክ ከአገጭ 15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጋችሁ ስኩ፤ የሱፍ ሹራብና የአንገት ሐብል እየታከኩት ይንኮሻኮሻል። ድምፁን ለብቻው በዋቭ ፋይል፣ በ24 ቢት እና 48 ኪሎ ኸርዝ ቅረጹ፤ በስቴሪዮ ለአንድ ሰዓት 1 ጊጋባይት አካባቢ ይይዛል። ከፍተኛው ድምፅ ከሲቀነስ 12 ዴሲቤል አይለፍ፤ አዛውንቱ ድንገት ስቀው ድምፁ ከተሰነጠቀ የሚመልሰው የለም። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ መሐል የገባ ጥሪ ቀረጻውን ሊያቋርጠው ይችላል።

ፍሪጁን ከሶኬት ንቀሉ፤ የመኪና ቁልፋችሁን እዚያው ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡት፤ ሳትመልሱ አትወጡም። የግድግዳ ሰዓት ይውረድ፣ ቬንቲሌተር ይጥፋ። መስኮት ከጀርባቸው ከሆነ ፊታቸው ይጠቁራል፤ አዙሯቸው። መድፍና ሄሊኮፕተር አጠገብ የኖሩ ዘማቾች ጆሯቸው የተጎዳ ብዙ ናቸው፤ የትኛው ጆሮ እንደሚሻል ጠይቃችሁ በዚያ በኩል ተቀመጡ። መቅረጫው እንደበራ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የዘማቹን ስም፣ ክፍሉን፣ ማዕረጉን እና የጠያቂውን ስም በድምፅ ተናገሩ። ፋይልና ወረቀት ሲለያዩ የሚያድነው ይህ ነው።

«ቆንጆ አድርጌ አርትዖት ልሥራለት»

ለቤተሰብ የሚታይ አጭር ቪዲዮ ሙዚቃ አድርጋችሁ ሥሩ፤ ማንም አይከለክላችሁም። ለቤተ መጻሕፍቱ የሚላከው ግን ያልተቆረጠ፣ ቢያንስ 30 ደቂቃ የሆነ ቀረጻ ነው። «እእ…» የሚለው፣ የተሳሳተው፣ ዝም ያለበት ሁሉ ይቆይ። ከቀረጻው ጋር የሕይወት ታሪክ ቅጽ፣ የዘማቹና የጠያቂው የፈቃድ ቅጾች፣ እንዲሁም የቀረጻው የደቂቃ ዝርዝር ይያያዛሉ፤ ፊርማ የጎደለው ጥቅል መንገድ ላይ ይቆማል። በተራ ፖስታ ቤት አትላኩት። ወደ ኮንግረስ የሚሄድ ፖስታ በጨረር ፍተሻ ስለሚያልፍ ዲስክና ፎቶ ይጎዳል። ዩፒኤስ ወይም ፌዴክስ ይሻላል። ወደ ጽሑፍ መገልበጡን ለሶፍትዌር ከሰጣችሁ የቦታ ስሞችን አንድ በአንድ አስተካክሉ፤ ፕሌይኩ፣ ቹ ላይ፣ ኳንግ ትሪ የሚሉትን ማሽኑ በሚያስቅ መንገድ ነው የሚጽፋቸው።

«ፎቶዎቹን በስልክ አንስቼ ዋናውን ለቤቱ»

የቬትናም ዘማች የፎቶ ሀብት ብዙ ጊዜ አልበም ውስጥ አይገኝም፤ ጫማ ካርቶን ውስጥ ያለ ስላይድ ነው። ስላይዱን በፕሮጀክተር አታሳዩት፦ ኮዳክሮም የተባለው የስላይድ ፊልም ጨለማ ውስጥ ቀለሙን ለአሥርት ዓመታት ይጠብቃል፣ በፕሮጀክተር መብራት ግን ቶሎ ይደበዝዛል። በ4000 ዲፒአይ ስካን አድርጉ፤ ስካነሩ በኢንፍራሬድ አቧራ የሚያጠፋ ከሆነ ለኮዳክሮም አጥፉት፤ የምስሉን ጥቁር ክፍል አቧራ መስሎት ይበላዋል። በካርቶኑ ጠርዝ ላይ የተጻፈውንም ስካን አድርጉት። ማጣበቂያ ገጽ ያለው አልበም ውስጥ ያለ ፎቶ አልላቀቅ ካለ አትጎትቱ፤ ከነገጹ ስካን አድርጉ።

ትናንሽ የሪል ቴፖች ካገኛችሁ የድምፅ ደብዳቤዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወታደሩና ቤተሰቡ ድምፃቸውን እየቀዱ ይላላኩ ነበር። አሮጌ ማጫወቻ ላይ ጭናችሁ አትሞክሩ፤ ክሩ ከተበጠሰ ወይም ከተጣበቀ የእናቱ ድምፅ አብሮ ይሄዳል። ለሚያውቅ ባለሙያ ስጡ። ደብዳቤ ከነፖስታው ይቀመጥ፤ ቴምብር መለጠፊያው ላይ በእጅ «Free» (በነጻ) የሚል ቃል ከተጻፈበት ከጦር ሜዳ የተላከ ነው።

«ግንቡ ላይ ያለው ስም በፊደል ተራ ነው፤ በጦርነቱ የሞተ ሁሉም አለበት»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። በ1982 የተመረቀው፣ ማያ ሊን የነደፈችው ግንብ ከ58,000 በላይ ስሞችን የያዘው በሞቱበት ቀን ቅደም ተከተል ነው። ከመሐል ማዕዘኑ፣ 1959 ከሚለው ይጀምርና ወደ ቀኝ እየቀጠለ በምሥራቁ ጫፍ ግንቦት 1968 ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ከምዕራቡ ጫፍ ተነሥቶ ወደ መሐል ተመልሶ በ1975 ያልቃል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሟች ጎን ለጎን ናቸው። ፊደል ተራ የሚገባው በአንድ ቀን ውስጥ ለሞቱት ብቻ ነው። ስለዚህ የጓዱን ሙሉ ስም የረሳ፣ ቀኑን ግን ያልረሳ ዘማች መስመሩን በጣቱ እየተከተለ ያገኘዋል፤ በዚያ ቀን አብረውት የወደቁትም እዚያው ዙሪያውን ናቸው። ከስሙ አጠገብ የአልማዝ ቅርጽ ካለ መሞቱ ተረጋግጧል፤ መስቀል ከሆነ ደብዛው ጠፍቷል። አስከሬኑ ሲገኝ አልማዙ በመስቀሉ ላይ ይቀረጽበታል።

ከተመለሰ በኋላ ኤጀንት ኦሬንጅ በተባለው የጫካ ቅጠል ማርገፊያ መርዝ በመጣ በሽታ ወይም በአእምሮ ቁስል የሞተ ሰው ግንቡ ላይ አይጻፍም፤ መስፈርቱን የሚያወጣው መከላከያ ሚኒስቴር ነው። ለእነዚህ በ2004 በአቅራቢያው የመታሰቢያ ድንጋይ ተተክሏል፤ ቤተሰብ ስማቸውን ለየብቻ ማስመዝገብ ይችላል።

ዘማቹን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ነጭ ወረቀትና ለስላሳ እርሳስ ያዙ። ወረቀቱን በስሙ ላይ በሁለት እጅ ወጥራችሁ ያዙለትና እሱ እርሳሱን ጋደም አድርጎ በአንድ አቅጣጫ ይፈግፍግ፤ ወዲያና ወዲህ ካመላለሰው ወረቀቱ ይንሸራተትና ፊደሉ ድርብ ይሆናል። ስሙ ከፍ ካለ መሰላል የያዙ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ ጠይቋቸው።