የጀግንነት ሜዳሊያ ለማን ነው? ጎጃም ላይ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶችና እውነታው

ጎጃም ውስጥ ጀግና ሲባል ቶሎ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ጠመንጃ ነው። ሰርግ ላይ እንኳ አንዱ ዱላውን ከፍ አድርጎ «ዘራፍ!» ካለ፣ ቀጥሎ የሚነግረን ማን እንደወደቀ ነው እንጂ ማን እንደዳነ አይደለም። እናም «ነፍስ ላዳነ ሲቪል ሰው የሚሰጥ ሜዳሊያ አለ» ስትል ግማሹ ይስቅብሃል፣ ግማሹ የየራሱን ግምት ይደረድርልሃል።

«ሜዳሊያ የወታደር ነው»

አይደለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1866 የአልበርት ሜዳሊያን ያቋቋሙት ባሕር ላይ የሰው ነፍስ ለሚያድኑ ነበር። በ1907 ለማዕድን ቆፋሪዎች የኤድዋርድ ሜዳሊያ መጣ። በ1940 ደግሞ ለንደን በጀርመን ቦምብ ስትደበደብ ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ በዋናነት ለሲቪል ሰዎች የጆርጅ መስቀልን አቋቋሙ። ይሄኛው በደረጃው የጦር ሜዳ ጀግኖች ከሚያገኙት ከቪክቶሪያ መስቀል እኩል ነው። ለአንድ ሰው ብቻም አይደለም፦ በ1942 የማልታ ደሴት ሕዝብ በሙሉ ተሸልሞበታል፤ ዛሬም ባንዲራቸው ላይ አለ።

የኛው የአርበኝነት ሜዳሊያስ ቢሆን? በአምስቱ ዓመት ጎጃም በረሃ የወረደው አብዛኛው ሰው እኮ ደመወዝተኛ ወታደር አልነበረም፤ ሞፈሩን ጥሎ የወጣ ገበሬ ነው። ከነጻነት በኋላ በዱር በቆየበት ዓመት ልክ የዘንባባ ምልክት ተጨምሮለት ሜዳሊያ ተሰጠው። አሁንም ድረስ ሽማግሌዎች «ባለ አምስት ዘንባባ» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

«ካልተሳካለት ምን ተብሎ ይሸለማል?»

ይሄ ከሁሉም የባሰው ነው። የሚመዘነው ለሌላው ሲል ራሱን ምን ያህል አደጋ ላይ እንደጣለ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሰው ለማዳን ራሳቸውን አደጋ ላይ ለጣሉ ሲቪሎች ሜዳሊያ የሚሰጥ የካርኔጊ የጀግኖች ፈንድ የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. በ1904 ፔንስልቬንያ ውስጥ ሃርዊክ በተባለ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ፍንዳታ ደረሰና ብዙ ሰው አለቀ። የተረፈ ካለ ብለው ወደ ጉድጓዱ ከወረዱት ሁለቱ ሞቱ። የብረት ቱጃሩ አንድሩ ካርኔጊ ይህን ሲሰማ 5 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ ፈንዱን አቋቋመ። ያኔ ይሄ ጉድ የሚያሰኝ ገንዘብ ነው። ከዚያ ወዲህ ሜዳሊያው ከተሰጣቸው ውስጥ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ሲያድኑ የሞቱ ናቸው። ሜዳሊያው ላይ የተቀረጸውን ጥቅስም ቤተ ክርስቲያን የሄደ ሁሉ ሰምቶታል፤ «ነፍሱን ስለ ወዳጆቹ ከመስጠት ይልቅ ከዚህ የሚበልጥ ፍቅር ለማንም የለውም» የሚለው የዮሐንስ 15፥13 ነው።

«ጀግና ሳያስብ ዘሎ የሚገባ ነው»

ኧረ በፍጹም። ክረምት ላይ የደምበጫ ገበያ ተበትኖ፣ ጥምጫ ወንዝ ሞልቶ፣ ሰዉ ዳር ላይ ሲጠራቀም ያየ ያውቀዋል። ውኃው ደፍርሶ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። አንዱ «ምን አባቱ!» ብሎ ይገባል፤ ይወስደዋል። ሁለተኛው እንዲሁ በባዶ እጁ ከተከተለው ማታ የሚፈለገው ሁለት ሬሳ ነው። ብልሁ ግን ከአህያው ላይ መጫኛውን ይፈታና አንዱን ጫፍ ወገቡ ላይ ያስራል፣ ሌላውን ዳር ያሉት ጎረምሶች ዛፍ ተደግፈው እንዲይዙለት ይሰጣል፣ ከዚያ ሰውየው ከሰመጠበት ሳይሆን ዝቅ ብሎ ወንዙ ከሚታጠፍበት ላይ ይጠብቀዋል። ፈርቷል፤ ግን ገብቷል። እርግጥ ነው፣ መሸለሚያው አደጋው ስለሆነ መጫኛ ያሰረው ሰው ባዶ እጁን ከገባው ያነሰ ሊቆጠርበት ይችላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ መጫኛው ይቅደም፤ ሜዳሊያው ይቅር።

«ልጁን ከእሳት ያወጣ አባት መጀመሪያ መሸለም ያለበት እሱ ነው»

በካርኔጊ ደንብ የቅርብ ቤተሰብ ያዳነ በአብዛኛው አይሸለምም፤ አዳኙ ራሱ ከሞተ ወይም ክፉኛ ከተጎዳ ነው የሚታየው። እሳት አጥፊም እንዲሁ፣ ሥራው ነውና ከግዴታው በላይ ካልሄደ አይገባም። ወታደርም አይካተትም። አደጋውን ለመረዳት ዕድሜው ያልደረሰ ሕፃንም እንደዚያው። መጀመሪያ ሲሰሙት ይከብዳል። እናት ለልጇ እሳት ብትገባ ማንም አይገርመውም፤ ሜዳሊያው የሚፈልገው ቤተሰቡ ላልሆነ ሰው ብሎ የገባውን ነው።

«ዘመድ ያለው ነው የሚያገኘው»

የሌላውን አላውቅም ብሎ መሸሽ ይቻላል፣ የካርኔጊው አሠራር ግን ግልጽ ነው። ማንም ሰው ሊጠቁም ይችላል፣ ድርጊቱ አሜሪካ ወይም ካናዳ ውስጥ የተፈጸመ መሆን አለበት፣ ጥቆማው ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ይግባ። ከዚያ መርማሪ ተመድቦ የዓይን ምስክር ይጠየቃል። ፉከራ ላይ ስለራስህ የምትናገረው ራስህ ነህ፣ እዚህ የሚናገርልህ ያየህ ሰው ነው።

«ወርቅ ነው፤ ቢሸጥ ቤት ያሠራል»

የጆርጅ መስቀል ብር ነው። የካርኔጊው ነሐስ ነው። ገንዘቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ካርኔጊ ለተሸላሚው ጥሬ ገንዘብ ይሰጣል፣ ለተጎዳና ሞቶ ቤተሰብ ለተወ ደግሞ የኑሮና የትምህርት ድጎማ አለው።

«የባዕድ አገር ሰው ማን ይሸልመዋል?»

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ማሙዱ ጋሳማ የተባለው የማሊ ወጣት ፓሪስ ውስጥ በባዶ እጁ አራት ፎቅ ወጥቶ በረንዳ ላይ የተንጠለጠለ ሕፃን ያወጣበትን ቪዲዮ ስንቶቻችን ነን በስልካችን የተቀባበልነው? ጋሳማ የ22 ዓመት ስደተኛ ነበር፤ የመኖሪያ ወረቀት እንኳ አልነበረውም። ፕሬዚዳንት ማክሮን ቤተ መንግሥት አስጠርተው የጀግንነት ሜዳሊያ ሰጡት፣ ከእሳት አደጋ ሠራተኞች ጋር የሚሠራበት ዕድልም ተመቻቸለት። ዜግነቱ የመጣው ከወራት በኋላ ነው፤ ሜዳሊያውን ሲቀበል ገና ማሊያዊ ነበር።