«ራሳቸው አይደል የሸጧቸው?» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

ታሪክ አስተምራለሁ። ስለ አትላንቲክ የባሪያ ንግድ ባነሳሁ ቁጥር፣ ክፍል ውስጥም ይሁን ሰርግ ቤት፣ አንድ ሰው ፈገግ ብሎ «ታዲያ አፍሪካውያን ራሳቸው አይደል ወንድሞቻቸውን የሸጡት?» ይላል። አባባሉ ሁሌ አንድ ነው፣ ፈገግታውም አንድ ነው። ማንም የማያውቀውን ምስጢር ያወጣ ይመስለዋል። ዛሬ እሱን ሳልመልስ አልተኛም፤ ግን መጀመሪያ ትንንሾቹን አባባሎች ከመንገድ ላይ ልጥረግ። (ዓመተ ምሕረቱ በፈረንጆች ነው።)

«አብዛኞቹ የተወሰዱት ወደ አሜሪካ ነው።» ዩናይትድ ስቴትስን ማለታችሁ ከሆነ በጣም ተሳስታችኋል። ከ16ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መርከብ ላይ የተጫኑት 12.5 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ናቸው፤ በሕይወት የደረሱት 10.7 ሚሊዮን ያህል። ዛሬ ዩናይትድ ስቴትስ ወደምንላት አገር በቀጥታ ከአፍሪካ የደረሱት 400 ሺህ እንኳ አይሞሉም። ብራዚል ብቻዋን 4.8 ሚሊዮን ያህል አስገብታለች። ፊልሙን የሚሠሩት አሜሪካኖች ስለሆኑ ሁላችንም የሚታየን የጥጥ እርሻ ነው። አብዛኛውን ሰው የበላው ግን ሸንኮራ አገዳ ነው። ጃማይካ 1 ሚሊዮን ያህል ሰው ገብቶባት፣ በ1834 ባርነት በሕግ ሲቀር በባርነት ያሉት ሲቆጠሩ ከ300 ሺህ ብዙም አልበለጡም። የቀሩት የት ገቡ? ባለእርሻው ሒሳቡን ሠርቶታል። ልጅ ወልደው እስኪያሳድጉ ከመጠበቅ አዲስ ሰው መግዛት ይረክስለት ነበር።

«ባርነትን ያስቀረው ሊንከን ነው።» በአገሩ ይሁን እንበል፣ 1865። ኩባ እስከ 1886፣ ብራዚል እስከ 1888 ቀጥለውበታል።

«ነጮቹ ጫካ ገብተው ሰው እያደኑ ይወስዱ ነበር።» መጀመሪያ አካባቢ ፖርቹጋሎች በባሕሩ ዳርቻ እንዲህ ያደርጉ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ብዙም አይደለም። ወባና ቢጫ ወባ ይፈጃቸው ስለነበር ወደ መሀል አገር አይደፍሩም። በ1482 በዛሬዋ ጋና ጠረፍ እንደተሠራው እንደ ኤልሚና ባሉ ምሽጎች ተቀምጠው፣ ብዙ ቦታ ለአካባቢው ገዢዎች ኪራይና ግብር እየከፈሉ፣ የሚመጣላቸውን ይገዙ ነበር።

እንግዲህ ያ ፈገግተኛ ሰውዬ ከመቀመጫው የሚነሳው እዚህ ጋ ነው። «አላልኩህም! ራሳቸው ናቸው!»

ቆይ። መጀመሪያ እውነት የሆነውን ልስጥህ። የዳሆሜ (በዛሬዋ ቤኒን የነበረ መንግሥት) ነገሥታት ሸጠዋል። በዛሬዋ ጋና ያሉት አሻንቲዎች ሸጠዋል። ዳሆሜ በ1727 ዊዳ የተባለችውን የንግድ ከተማ ከያዘች በኋላ ከአካባቢው ትልልቅ ሻጮች አንዷ ሆናለች። ይህን የሚክድ የታሪክ ምሁር እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ስለዚህ የተደበቀ ነገር እንዳገኘህ አትሁንብኝ።

ችግሬ «ወንድሞቻቸውን» ከምትለው ጋር ነው። የዳሆሜ ንጉሥ የማረከው ሰው ወንድሙ አልነበረም። ንጉሡ ሌላ፣ አማልክቱ ሌላ፣ ምናልባት አባቱን የገደለበት ጠላቱ ነው። በዚያ ዘመን «አፍሪካዊ ነኝ» ብሎ የሚያስብ ሰው ከየት ይምጣ? እንግሊዝና ፈረንሳይ ለዘመናት ሲተራረዱ «አውሮፓውያን ወንድሞቻቸውን ፈጁ» ተብሎ ሲነገር ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ አልሰማሁም። ሁለት መንግሥታት ተዋጉ ነው የሚባለው። አፍሪካ ላይ ሲሆን ግን አንድ ቤተሰብ እርስ በርሱ ተሻሻጠ ይሆናል።

ሩቅ መሄድም የለብንም። እዚሁ አገራችን ባሪያ ፈንጋይ ከደቡብና ከምዕራብ ሰው እያፈሰ በምጽዋና በታጁራ በኩል ወደ ዓረቢያ ይሸጥ ነበር። ፈንጋዩ የአገር ሰው፣ ከገበያ ገበያ የሚነዳው ነጋዴ የአገር ሰው፣ በየኬላው ቀረጥ የሚበላው የአገር ሰው። ባርነት እኛ ዘንድ በአዋጅ ፈጽሞ የተከለከለው በ1942 ነው፣ በኛ 1934 ዓ.ም. ማለትም የብዙዎቻችን አያቶች በሕይወት እያሉ። «አበሾች ወንድሞቻቸውን ሸጡ» ልበል? አንድ ሰርግ ላይ ይህንኑ የጠየቅሁት ሰው ሳህኑን ይዞ ጠረጴዛ ቀየረ።

ደግሞ ንግዱ አንዴ ከተጀመረ መውጫ አልነበረውም። ከመርከቡ የሚወርደው የህንድ ጨርቅ፣ ከማልዲቭስ የመጣ ዛጎል፣ ብረት፣ አረቄ፣ ደግሞም ጠመንጃና ባሩድ ነው። ጠመንጃ ያልገዛ ንጉሥ ጠመንጃ የገዛው ጎረቤቱ ይመጣበታል፤ ለጠመንጃው የሚጠየቀው ዋጋ ደግሞ ሰው ነው። የኮንጎው ንጉሥ አፎንሶ ይህን በራሱ ላይ አይቶታል። ክርስቲያን ነው፣ ከፖርቹጋል ጋር ወዳጅ ነው፣ የጦር ምርኮኛም ይሸጥ ነበር። በ1526 ግን ለፖርቹጋሉ ንጉሥ በጻፈው ደብዳቤ፣ ነጋዴዎቹ ሕዝቡን፣ የመኳንንቱን ልጆችና የራሱን ዘመዶች ሳይቀር እያፈኑ እንደሚወስዱበት አቤት አለ። የሚሸጠው ሰው በአግባቡ የተማረከ መሆኑን የሚያጣሩ ሰዎችም ሾመ። ንግዱ አልቆመም።

በሌላ በኩል፣ በ1662 ቨርጂኒያ ውስጥ የወጣው ሕግ ከባሪያ እናት የተወለደ ልጅ ባሪያ ነው ይላል፤ አባቱ ነጩ ጌታ ራሱ ቢሆንም። ይህን የደነገገው የዳሆሜ ንጉሥ አይደለም። በ1781 «ዞንግ» ከተባለው የእንግሊዝ መርከብ 130 ያህል ሰዎች በሕይወታቸው ባሕር ውስጥ ተጣሉ፤ የመርከቡ ባለቤቶችም እንደ ጠፋ ዕቃ ኢንሹራንስ ይከፈለን ብለው ለንደን ፍርድ ቤት ተሟገቱ። ይህም የዳሆሜ ሥራ አይደለም። ሻጩ ይጠየቅ፣ ደስ ይለኛል። የሚገርመኝ ሻጩ ከተነሳ በኋላ ወሬው ማለቁ ነው። ገዢው፣ ባለመርከቡ፣ ባለባንኩ፣ ስኳሩን በሻይ እየጨመረ የጠጣው ሁሉ በነፃ ይሰናበታሉ።

«እንግሊዝ በርኅራኄ አስቀረችው።» ንግዱ እንዲከለከል በፓርላማ የተሟገተው ዊልበርፎርስ እውነተኛ ሰው ነው፣ ስኳር አንበላም ብለው ያደሙት ተራ ሰዎችም እንደዚሁ። ግን ንግዱን በ1807 ከመከልከሏ በፊት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው የጫነች ያቺው እንግሊዝ ናት። ባርነቱን ስትሽር ደግሞ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ከፈለች፤ ለባለቤቶቹ! ነፃ የወጡት ሰባራ ሳንቲም አላገኙም፤ እንዲያውም «ሥራ ልመዱ» ተብለው አብዛኞቹ እስከ 1838 ለዚያው ጌታ በግዳጅ ሠሩ። ለካሳው የተወሰደው ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። የአክስቴ ልጅ ለንደን ውስጥ አውቶቡስ ይነዳል፣ ከ2015 በፊት ብዙ ዓመት ግብር ከፍሏል። «አንተም ለባሪያ ጌቶች ካሳ አዋጥተሃል» ስለው ስልኩን ዘጋብኝ።

«ዝም ብለው ተገዙ።» በግምት ከ10 የመርከብ ጉዞ በአንዱ አመፅ ተነስቷል።

ሄይቲስ? እዚያ ያሉት የፈረንሳይን እጅግ ሀብታም ቅኝ ግዛት በ1791 አቃጥለው ተነሱ። በጊዜው የዓለም ቡና ግማሽ ያህሉ፣ አዎ ያው የኛው ቡና፣ የሚለቀመው በነሱ እጅ ነበር። የናፖሊዮንን ጦር አሸንፈው በ1804 አገር መሠረቱ። አሁን «ነፃ ወጥተው ምን አመጡ፣ ድሆች ናቸው» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ 1825ን ንገሩት። ፈረንሳይ የጦር መርከቦቿን አሰልፋ፣ ላጣችው ንብረት 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካልከፈላችሁ አገርነታችሁን አላውቅም አለች። ከንብረቱ ውስጥ ሰዎቹ ራሳቸው አሉበት። በኋላ ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ ቢልም፣ ለመክፈል ከዚያው ከፓሪስ ባንኮች ተበደሩ። የዕዳው ርዝራዥ እስከ 1947 ተጎትቷል።

በመጨረሻ፣ «100 ሚሊዮን ሰው ተወሰደ» እያላችሁ የምታጋሩት ነገር ይቅር። ሳይጫኑ በየመንገዱና በየምሽጉ ያለቁት ብዙ ናቸው፣ በዚያ አልከራከርም፤ የተጫኑት ግን ከላይ የጻፍኩት ያህል ነው። 12.5 ሚሊዮን አይበቃም እንዴ? ቁጥር ከፈለጋችሁ «ስሌቭ ቮያጅስ» የሚባል በነፃ የሚከፈት የመረጃ ቋት አለ፣ ከ36 ሺህ በላይ ጉዞዎች ተመዝግበውበታል። በወደብ፣ በዓመትና በመርከብ ስም መፈለግ ይቻላል። አስተማሪ ከሆናችሁ ተማሪዎቹን አንድ አንድ ወደብ አከፋፍሏቸው፤ ሪዮ ዴ ጄኔሮን ሁለት ልጆች ቢይዙት ይሻላል፣ ለአንድ ልጅ ይበዛል። በሌላው ክፍሉ ደግሞ የ90 ሺህ ያህል ሰዎች ስም አለ። ንግዱ ከተከለከለ በኋላ ተይዘው ፍሪታውንና ሃቫና ከገቡ መርከቦች ላይ የተለቀቁ ናቸው፤ ስማቸው፣ ዕድሜያቸው፣ የብዙዎቹም ቁመት ተጽፏል። እኔ ለ11ኛ ክፍል ከመማሪያ መጽሐፉ በፊት የማሳየው ይህንን ነው።