ካሊበር ምንድን ነው? የጥይት ቁጥሮችንና ምኅጻረ ቃላትን ማንበብ

ካሊበር ማለት የጠመንጃ ወይም የሽጉጥ አፈሙዝ የውስጥ ስፋት፣ ማለትም እርሳሱ አልፎበት የሚወጣው ቀዳዳ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ያለው ልክ ነው። ትርጉሙ ይህን ያህል አጭር ቢሆንም፣ ስለ ጦር መሣሪያ ማንበብ የጀመረ ሰው ቶሎ የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው፤ ምክንያቱም «ሰባት ነጥብ ስድሳ ሁለት» የሚለውን ቁጥር ሲሰማ ጥይቱን ለይቶ ያወቀ ይመስለዋል። በዚህ ቁጥር የሚጠሩ፣ የአንዱ መሣሪያ ለሌላው የማይሆን ብዙ ዓይነት ጥይቶች ግን አሉ። ካሊበሩ የስሙ መጀመሪያ እንጂ ሙሉ ስሙ አይደለም።

ቁጥሮቹ ምን እንደሚለኩ ለመረዳት በቅድሚያ የጥይቱን ክፍሎች መለየት ያስፈልጋል። አንድ ያልተተኮሰ ጥይት አራት ነገሮችን ይይዛል፦ ከናስ ወይም ከብረት የተሠራው ቀለህ፣ በቀለሁ ውስጥ ያለው ባሩድ፣ ከፊት የተሰካው እርሳስ፣ እንዲሁም ከቀለሁ ግርጌ መካከል ላይ ያለችውና መርፌው ሲመታት ባሩዱን የምታቀጣጥለው ትንሽ ክፍል። ቃታ ሲሳብ በአፈሙዙ የሚወጣው እርሳሱ ብቻ ነው፤ ቀለሁ ባዶውን ይቀራል ወይም በጎን ይወረወራል። በስሙ ላይ ያሉት ቁጥሮች አንዱ ስለ እርሳሱና ስለ አፈሙዙ፣ ሌላው ስለ ቀለሁ ይናገራሉ።

አገር ምድሩ በሚያውቀው የክላሽ ጥይት እንየው። ሙሉ ስሙ 7.62×39 ነው፤ ሲነበብም «ሰባት ነጥብ ስድሳ ሁለት በሠላሳ ዘጠኝ» ይባላል። የመጀመሪያው ቁጥር ካሊበሩ ሲሆን ሁለተኛው የቀለሁ ርዝመት ነው፤ ሁለቱም የሚለኩት በሚሊ ሜትር ነው። ጥይቱን አንሥቶ በማስመሪያ የሚለካ ሰው ግን ከጫፍ እስከ ግርጌ 56 ሚሊ ሜትር ያህል ያገኛል፤ 39 የሚሆነው ቀለሁ ብቻውን ሲለካ ነው። እርሳሱን አውጥቶ ስፋቱን በትክክለኛ መለኪያ ቢለካው ደግሞ 7.62 ሳይሆን ወደ 7.9 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ቁጥር ያገኛል። ይህ የፋብሪካ ስሕተት አይደለም። በአፈሙዙ ውስጥ እርሳሱን እያሽከረከሩ የሚያወጡ ጠመዝማዛ ቦዮች አሉ፤ በቦዮቹ መካከል ደግሞ ከፍ ያሉ ጠርዞች ይቀራሉ። ሩሲያውያን 7.62 ያሉት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ያለውን ልክ ሲሆን፣ እርሳሱ ግን ቦዮቹን ሞልቶ እንዲሄድ ከዚያ ትንሽ ሰፋ ተደርጎ ይሠራል። ቁጥሩ ራሱ የመጣው ከድሮው የሩሲያ መለኪያ ነው፤ የኢንች አንድ ዐሥረኛ «መስመር» ይባል ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1891 የጦር ሠራዊቱ የተቀበለው የሞሲን ጠመንጃ «ባለ ሦስት መስመር» ተባለ፤ ሦስት መስመር ደግሞ በሚሊ ሜትር ሲሰላ 7.62 ነው።

አሁን ተመሳሳይ ካሊበር ያላቸውን ጥይቶች ጎን ለጎን እናስቀምጥ። 7.62×39 የክላሽና በሩሲያኛ ምኅጻሩ ኤስ ኬ ኤስ የሚባለው የሲሞኖቭ ጠመንጃ ጥይት ነው። 7.62×51 እ.ኤ.አ. በ1954 የኔቶ አገሮች የተቀበሉት ሲሆን፣ የአሜሪካው ኤም 14 እና የጀርመኑ ጂ 3 የሚተኩሱት ይህንን ነው። 7.62×54አር የድራጉኖቭ ስናይፐርና የፒኬኤም መትረየስ ጥይት ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «አር» የምትባለዋ የላቲን ፊደል ብዙዎች እንደሚገምቱት «ሩሲያ» ማለት ሳትሆን፣ የቀለሁ ግርጌ ከገላው ሰፋ ብሎ ከንፈር ያለው መሆኑን የምትገልጽ ናት። አባቶቻችን «ኤም ዋን» የሚሉት፣ በኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካውያን ጋር በተሰለፈበት ዘመን የአሜሪካ ጦር ዋነኛ ጠመንጃ የነበረው መሣሪያ ደግሞ 7.62×63 ይተኩሳል። ይህኛውን አሜሪካውያን በኢንች «.30-06» ብለው ይጽፉታል። እዚህ ላይ ጀማሪው ሁለተኛውን ቁጥር የቀለህ ርዝመት አድርጎ ሊወስደው ይችላል፤ ነገር ግን 06 የሚያመለክተው ጥይቱ ሥራ ላይ የዋለበትን እ.ኤ.አ. 1906ን ነው። አራት ጥይቶች፣ አንድ ካሊበር፤ በአንዱ ዝናር ውስጥ ተቀላቅለው ቢገኙ ግን ሦስቱ ለያዙት ጠመንጃ የማይረቡ ናቸው።

በሽጉጥም ነገሩ ያው ነው። ማካሮቭ ሽጉጥ 9×18 ይተኩሳል፤ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት የፓራቤለም ጥይት ደግሞ 9×19 ነው። ልዩነቱ የአንድ ሚሊ ሜትር የቀለህ ርዝመት ብቻ ቢመስልም፣ የማካሮቭ እርሳስ 9.27 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ የፓራቤለሙ 9.01 ነው፤ የለያቸው አለካኩ ነው፤ የማካሮቩ ቁጥር እንደ ክላሹ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ የፓራቤለሙ ግን ከቦይ እስከ ቦይ የተለካ ነው። ስለዚህ «ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ጥይት» ብሎ መጠየቅም ሆነ መጻፍ በቂ አይደለም።

በኢንች የሚጻፉት ስሞች ከነጥብ ይጀምራሉ። «.45 ኤሲፒ» ማለት ስፋቱ የኢንች 45 መቶኛ የሆነ፣ ለኮልት አውቶማቲክ ሽጉጥ የተሠራ ጥይት ማለት ነው፤ ኤሲፒ የእነዚያ ሦስት ቃላት መነሻ ፊደሎች ናቸው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ግን ቁጥሩ ሁልጊዜ እውነቱን አይናገርም። «.38 ስፔሻል» የሚባለው የሪቮልቨር ጥይት እርሳሱ ሲለካ የኢንች 357 ሺህኛ ሆኖ ይገኛል፤ .38 የሚለው ቁጥር የተወረሰው የእርሳሱ ስፋት ከቀለሁ የውጭ ስፋት ጋር እኩል ከነበረበት ከጥንቱ አሠራር ነው። «.357 ማግነም» ስሙን በትክክለኛው ልክ ያገኘ ሲሆን፣ ሁለቱ እኩል ስፋት ስላላቸው ለማግነም በተሠራ ሪቮልቨር .38 ስፔሻልን መተኮስ ይቻላል። የማግነሙ ቀለህ ረዘም ተደርጎ የተሠራው ግን ኃይለኛው ጥይት ደካማ በሆነው የ.38 ሽጉጥ ውስጥ እንዳይገባ ነው።

የአደን ጠመንጃ፣ ማለትም ብዙ ጥቃቅን እርሳሶችን አንድ ላይ የሚረጨው፣ የሚለካው ፍጹም በተለየ መንገድ ነው። «12 ጌጅ» ሲባል ከአንድ ፓውንድ እርሳስ ዐሥራ ሁለት እኩል ድብልብሎች ቢሠሩ አንዷ በአፈሙዙ ልክ ትሆናለች ማለት ነው፤ በመሆኑም ቁጥሩ ሲያድግ አፈሙዙ ይጠብባል። 12 ጌጅ 18.5 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን 20 ጌጅ ከዚያ ያነሰ ነው።

የመሣሪያዎቹ ስሞች ምኅጻረ ቃላትም በቁጥሮቹ ላይ ይደረባሉ። በኤኬ-47 ውስጥ «ኤ» አውቶማቲክ መሣሪያ መሆኑን፣ «ኬ» ካላሽኒኮቭን፣ 47 ደግሞ እ.ኤ.አ. 1947ን ያመለክታሉ። ኤኬኤም ከ1959 ጀምሮ የወጣው የተሻሻለው ዓይነት ሲሆን፣ ሰደፉ የሚታጠፈውና እኛ «ታጣፊ ክላሽ» የምንለው ደግሞ መጨረሻው ላይ «ኤስ» ይጨመርበታል። ኤኬ-74 ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቁጥሮቹ ቦታ የተለዋወጡ ቢመስሉም የሚተኩሰው 5.45×39 ስለሆነ የክላሽ ጥይት አይሠራለትም። «ድሽቃ» የምንለው ከባድ መትረየስ ስሙን ያገኘው ከሁለት ሩሲያውያን መሐንዲሶች፣ ከዴግትያሬቭና ከሽፓጊን፣ እንዲሁም «ትልቅ ካሊበር» ከሚለው ቃል መነሻ ፊደሎች ሲሆን፣ ጥይቱ 12.7×108 ነው። አርፒጂም በእንግሊዝኛ «በሮኬት የሚተኮስ ቦምብ» ተብሎ ቢተነተንም፣ መነሻው በሩሲያኛ «በእጅ የሚያዝ ፀረ ታንክ ቦምብ ተኳሽ» የሚለው ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ዘወትር የሚሰሙት «ኤአር-15» ደግሞ መሣሪያውን የነደፈውን የአርማላይት ኩባንያ ስም የያዘ እንጂ «አጥቂ ጠመንጃ» ማለት አይደለም። በእኔ እምነት፣ ስለ ተያዘ የጦር መሣሪያ የሚጽፍ ጋዜጠኛ «ክላሽ» ወይም «ብሬን» ብሎ ማለፍ የለበትም፤ ብሬን በመሠረቱ .303 ጥይት የሚተኩስ የእንግሊዝ መትረየስ ሆኖ ሳለ በእኛ ዘንድ ለልዩ ልዩ መትረየሶች የሚሰጥ ስም ስለሆነ፣ አንባቢው ስለ የትኛው መሣሪያ እንደሚነገረው ማወቅ አይችልም።

በጥይቱ ካርቶን ላይ የሚነበቡት ደግሞ ሌሎች ናቸው። «ኤፍኤምጄ» እርሳሱ ሙሉ በሙሉ በጠንካራ ብረት መሸፈኑን ይናገራል። ግሬን የሚባለው መለኪያ በብዙ ጀማሪዎች ዘንድ የባሩዱ መጠን ተደርጎ ይወሰዳል፤ የሚመዝነው ግን እርሳሱን ነው። አንድ ግሬን 0.0648 ግራም ስለሆነ 123 ግሬን የሆነው የክላሽ እርሳስ 8 ግራም ያህል ይመዝናል። የእርሳሱ ጫፍ ቀለም እንደ አገሩ ይለያያል፤ በሶቪየት 7.62×39 ላይ አረንጓዴ ጫፍ እየበረረ ብርሃን የሚያሳየውን ጥይት ሲያመለክት፣ በአሜሪካው 5.56×45 ላይ ግን እርሳሱ በውስጡ ጠንካራ ብረት እንዳለው ያሳያል። የሶቪየት ሠራዊት ቀለህ ግርጌ ላይ 17 እና 75 ተጽፎ ቢገኝ ካሊበር አይደለም፤ 17 የባርናውል ፋብሪካ መለያ፣ 75 ደግሞ የተመረተበት ዓመት ነው።

ይህን ሁሉ መለየት የሚያስፈልገው ለዕውቀት ብቻ አይደለም። «.300 ብላክአውት» የተባለው ጥይት ቀለሁ ከ5.56ቱ ቀለህ የተወለደ ስለሆነ በዚያው ካዝና ውስጥ ይገባል፤ እርሳሱ ግን 7.8 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ በ5.56 ጠመንጃ ውስጥ ገብቶ ከተተኮሰ በጠባቡ አፈሙዝ ማለፍ ስለማይችል መሣሪያውን በተኳሹ ፊት ሊያፈነዳ ይችላል። በ12 ጌጅ ጠመንጃ ውስጥ በስሕተት የገባ የ20 ጌጅ ጥይትም ወደ ውስጥ ተንሸራትቶ መካከል ላይ ይሰነቀርና፣ ባለቤቱ ባዶ መስሎት ትክክለኛውን 12 ከኋላው ጨምሮ ሲተኩስ አፈሙዙ ይፈነዳል፤ የ20 ጌጅ ጥይቶች ቢጫ ተደርገው የሚሠሩት ከሩቅ እንዲለዩ ነው። ስለዚህ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ሰው በአፈሙዙ ወይም በመሣሪያው ገላ ላይ የተቀረጸውን ሙሉ ስም ከካርቶኑ ጽሑፍ ጋር ፊደል በፊደል፣ ቁጥር በቁጥር ማመሳከር አለበት። ጽሑፉ ከተፋቀ ወይም ጥይቱ ያለ ካርቶኑ ከተገኘ፣ በዓይን አይቶ «ይገባል» ብሎ ከመሞከር ይልቅ ጥይቱን ሳይነኩ ለመሣሪያ ባለሙያ ወይም በአቅራቢያ ላለ የፖሊስ ጣቢያ ማሳወቅ ይገባል።