የሊኑክስ ከርነል ግንባታና የመነሻ ኮንፊገሬሽን ምርጫ

የሊኑክስን ከርነል (የሥርዓተ ክወናውን እምብርት) ከምንጭ ኮዱ የሚገነባ ሰው በቅድሚያ የግንባታ ምርጫዎቹ የሚጻፉበትን «.ኮንፊግ» የተባለውን ፋይል ማዘጋጀት አለበት። ስሙ በነጥብ ስለሚጀምር ፋይሎች በተለመደው መንገድ ሲዘረዘሩ አይታይም። በውስጡ «ዋይ» የተባለ ክፍል ከከርነሉ ጋር ይዋሃዳል፤ «ኤም» የተባለው ሞጁል (ለብቻው የሚቀመጥ ክፍል) ሆኖ ሲፈለግ ይጫናል፤ ያልተመረጠው ጭራሽ አይገነባም። ምርጫዎቹ ከ10,000 በላይ ናቸው። ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኬኮንፊግ የተባለው ሥርዓት ያስተዳድራቸዋል፤ ሁሉንም ከዜሮ ተነስቶ የሚመልስ ግን የለም። ስለዚህ ትልቁ ውሳኔ ከየትኛው ፋይል እንጀምር የሚለው ነው።

ለጀማሪ የሚሻለው አሁን ኮምፒውተሩን እያሠራ ያለው ከርነል የተገነባበት ፋይል ነው፤ ማሽኑ በእሱ መነሳቱ ተረጋግጧልና። ዴቢያን፣ ኡቡንቱና ፌዶራ የተባሉት የሊኑክስ ስርጭቶች ይህን ፋይል ከከርነሉ ጋር ያቀርባሉ። እሱን ገልብጦ «ሜክ ኦልድዴፍኮንፊግ» የሚለውን ትእዛዝ መስጠት የድሮውን መልስ ጠብቆ ለአዳዲስ ጥያቄዎች ነባሪውን ምርጫ ይሞላል። ችግሩ ክብደቱ ነው፦ ስርጭቶች የማንኛውንም ሰው ማሽን ለማሠራት ስለሚጥሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሞጁሎች አብረው ይገነባሉ፤ በደካማ ላፕቶፕ ላይ ሥራው ሰዓታት ይፈጃል። በዴቢያንና በኡቡንቱ ደግሞ ፋይሉ በምንጭ ኮዱ ውስጥ የሌለ የሰርተፍኬት ፋይል ሊጠራና ግንባታውን ሊያቆም ይችላል፤ መፍትሔው «.ኮንፊግ» ውስጥ ያለውን የታመኑ ቁልፎች ቦታ ባዶ ማድረግ ነው።

ክብደቱን የሚቀንሰው «ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ» ነው። በዚያች ሰዓት የተጫኑትን ሞጁሎች አይቶ የቀሩትን ያስወግዳል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ፍላሽ፣ ፕሪንተር፣ ካሜራ፣ የዩኤስቢ ዋይፋይ፣ ሁሉም አስቀድሞ መሰካት አለበት። ያን ጊዜ ያልተሰካ ዕቃ በአዲሱ ከርነል ድራይቨር (ዕቃውን የሚያሠራ ፕሮግራም) ሊያጣ ይችላል።

«ሜክ ዴፍኮንፊግ» ከምንጭ ኮዱ ጋር የሚመጣውን የፕሮሰሰር ዓይነቱን ነባሪ ይወስዳል። ለቨርቹዋል ማሽን ይመቻል፤ ለላፕቶፕ ግን የዋይፋዩ ድራይቨር ሊጎድል ይችላል። ራስፕቤሪ ፓይን የመሰሉ ትናንሽ የኮምፒውተር ቦርዶች የራሳቸው ዴፍኮንፊግ አላቸው። «ታይኒኮንፊግ» እጅግ ትንሽ ከርነል ለሚሹ፣ «ኦልሞድኮንፊግ» ኮዱ በትክክል መገንባቱን ለሚፈትሹ ነው።

በየትኛውም መነሻ ቢጀመር የዲስኩና የፋይል ሥርዓቱ ድራይቨሮች «ዋይ» መባላቸው ወይም ኢኒትራምኤፍኤስ (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጫን ጊዜያዊ የፋይል ሥርዓት) ውስጥ መግባታቸው ይታይ፤ ካልሆነ ከርነሉ ዋናውን ክፍልፍል ማግኘት አቅቶት ገና ሲነሳ ይቆማል። የድሮው ከርነል አዲሱ በደንብ እስኪሞከር ድረስ ከግሩብ (ማሽኑ ሲነሳ ከርነሉን የሚያስጀምረው ፕሮግራም) ዝርዝር አይሰረዝ።