ከዝውውር የወጡ የደርግ ዘመን የብር ኖቶችን ማሰባሰብ

የደርግ ዘመን የብር ኖቶች የሚባሉት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ1969 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ኖቶች ምትክ ያወጣቸው፣ እስከ 1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስም አገር የተገበያየባቸው የ1፣ የ5፣ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ናቸው። ዛሬ ሕጋዊ መገበያያ አይደሉም፤ ይሁንና በአዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ካሉት የባህል ዕቃ መሸጫዎች ጀምሮ በውጭ አገር እስከሚካሄዱ ጨረታዎች ድረስ ፈላጊ አላቸው።

ከእነርሱ በፊት የነበረው ታሪክ ረጅም ነው። የኢትዮጵያ ባንክ በ1924 ዓ.ም. ገደማ የወረቀት ገንዘብ ማውጣት ጀመረ፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ደግሞ በሐምሌ 1937 ዓ.ም. የመንግሥት ባንክ ኖቶች የምሥራቅ አፍሪካን ሽልንግ ተኩ።

ኖቶቹን ከሌሎች የኮሚኒስት አገሮች ገንዘብ የሚለያቸው በላያቸው ላይ የሌለው ነገር ነው። የሶቪየት ኅብረት ኖቶች ሌኒንን፣ የምሥራቅ ጀርመን የ100 ማርክ ኖት ካርል ማርክስን፣ የ50 ማርኩ ደግሞ ኤንግልስን ይዘው ነበር። አዲስ አበባ ለማርክስና ለሌኒን ሐውልት ባቆመችባቸው ዓመታት እንኳ በብራችን ላይ ማርክስም፣ ሌኒንም፣ ሊቀመንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም አልወጡም፤ መዶሻና ማጭድም አይታይም። የጃንሆይ ምስል ተነሥቶ ቦታውን የያዘው አገሩና ሰዉ ነው። በ1 ብሩ ፊት አንድ ልጅ፣ በጀርባው የጢስ እሳት ፏፏቴና ወፎች አሉ። በ5 ብሩ ላይ ቡና የሚለቅም ሰው፣ በቀዩ 10 ብር ላይ እንቅብ የምትሰፋ ሴት፣ በ50 ብሩ ላይ የሳይንስ ተማሪዎች፣ በጀርባው ደግሞ የጎንደሩ የፋሲል ግንብ ይታያሉ። የ100 ብሩ ፊት የቆመ ጦረኛ፣ ጀርባው በማይክሮስኮፕ የሚመለከት ወጣት ነው። የዘመኑን አስተሳሰብ የሚያስታውስ ነገር ከተፈለገ የ10 ብሩ ጀርባ ላይ የሚያርሰው ትራክተር ሳይጠቀስ አይቀርም፤ ቢሆንም ትራክተርን ለሶሻሊዝም ብቻ መስጠት ትክክል አይመስልም። ምርጫው የባንኩን ባለሙያዎች አስተዋይነት የሚያስመሰግን ነው። ሥርዓቱ ወድቆ እንኳ ልጁ የ1 ብር ኖት በሳንቲም እስከተተካበት ጊዜ፣ እንቅብ ሰፊዋም እስከ 2013 ዓ.ም. የገንዘብ ለውጥ ድረስ በአገሪቱ ገንዘብ ላይ ቆይተዋል። ልጁ ማን እንደሆነ ብዙ ይወራል፤ ወሬውን እንደ ማስረጃ መቀበል ግን አይቻልም።

ለሰብሳቢ ትልቁ ጥያቄ ኖቱ መቼ ታተመ የሚለው ነው። 1969 ዓ.ም. የሚለው ዓመት በሃያ ዓመት ውስጥ አልተለወጠም፤ ደርግ ከወደቀ በኋላ በሽግግሩ ዘመን የወጡት ኖቶች ሳይቀሩ ይህንኑ ይዘዋል። ስለዚህ ዕድሜው የሚለየው በባንኩ ገዥ ፊርማ ነው። የታደሰ ገብረ ኪዳን ፊርማ ያለበት ኖት የበቀለ ታምራት ፊርማ ካለበት ይቀድማል፤ የለይኩን ብርሃኑ ፊርማ ያለበት ደግሞ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የወጣ ነው። የኋለኞቹ እትሞች በጀርባቸው ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ ጌጥ ስለተጨመረባቸው ፊርማው በአጣጠፍ ቢጠፋም መለየት ይቻላል። በውጭ ሻጮች ዘንድ ጀርመናዊው ሰብሳቢ አልበርት ፒክ በጀመረው የቁጥር አሰጣጥ የመጀመሪያዎቹ አምስት ኖቶች ከ30 እስከ 34 ያለውን ቁጥር ይይዛሉ።

ያልታጠፈ የ100 ብር ኖት ብርቅ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። በዘመኑ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 50 ብር፣ የአንድ ዶላር ምንዛሪም 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር፤ ድፍን መቶ ብር ለመታሰቢያ ብሎ ሳጥን ውስጥ የሚያስቀር ሰው ጥቂት ነው። የ1 ብሩ ችግር ሌላ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ኖሮ መሐሉ እንደ አሮጌ ነጠላ የሳሳ፣ የተቀደደውም በፕላስተር የተጣበቀ፣ በጠርዙ ላይ ስምና ሒሳብ የተጻፈበት ሆኖ ነው የሚገኘው። ፕላስተሩን መላጥ ቀለሙን አብሮ ያነሣል፤ እንዳለ መተው ይሻላል። ማጠብና በካውያ መተኮስም ዋጋ ይቀንሳል። ከሁሉ የከፋው ግን ለውበት ተብሎ ላሚኔት ማስደረግ ነው፤ እንዲህ የተደረገ ኖት በሰብሳቢ ዘንድ ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል።

ኖቶቹ ከዝውውር የወጡት በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲሆን፣ ምትካቸው 1989 ዓ.ም. የሚል ዓመት ያለበት አዲስ ብር ነበር። ኤርትራ ነጻነቷን ካወጀች በኋላም በዚሁ አሮጌ ብር ስትገበያይ ቆይታ የራሷን ገንዘብ ናቅፋን ያወጣችው በዚያው ሰሞን ነው። የብር ለውጡ ለናቅፋ የተሰጠ መልስ ነበር የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ኖቶቹ በማርጀታቸው አስቀድሞ የታቀደ ነው ይላሉ። የብሔራዊ ባንክ ኃላፊነት የአገርን ገንዘብ መጠበቅ ስለሆነ ሁለቱ ምክንያቶች አብረው ቢኖሩ አያስገርምም። ለሰብሳቢ ግን ይህ ታሪክ አንድ ጥቅም አለው፤ የደርግ ዘመን ብር የኤርትራም የመጀመሪያ ነጻነት ዓመታት መገበያያ ስለነበር፣ ሁለቱንም አገሮች የሚሰበስቡ ሰዎች ይፈልጉታል።